እምብርት የሌለው ብይ

ጥር 11

ለእህቴ ለድንቡሼ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴ እትዬሽም ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል። ለጥያቄዎችሽ በተራ ልመልስ። ጥርሴን አስነቅያለሁ። ካፖርቱ ደርሶኛል፣ እጅጌው ግን ረዝሞብኛል፤ ዕድሜሽን ሙሉ መጋረጃ ስትሰፊ ስለኖርሽ ሁሉም ነገር መሬት መድረስ ያለበት ይመስልሻል።

ሦስተኛው ጥያቄሽ ግን የሠርግሽ ነገር ነው። አዎ፣ ባለፈው እሑድ በስልክ «እሺ» ብያለሁ፣ አልክድም። ግን ጆሮዬን ታውቂዋለሽ። ስልክ ላይ ምንም አይሰማኝም፤ እንዳልሰማሁ እንዳይታወቅብኝ ደግሞ ለሁሉም እሺ እላለሁ። ባለፈው ወር እንዲሁ እሺ ብዬ ሁለት ፍራሽ ቤቴ ድረስ መጣልኝ። ስለዚህ ያ እሺ ከዛሬ ጀምሮ እንዳልተባለ ይቆጠርልኝ። እኔ እህቴን ለዚያ ሰው አልሰጥም።

«ባሌ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፣ ብቻዬን መብላት ሰለቸኝ» ያልሽው ገብቶኛል፤ አንጀቴንም በልቶኛል። አግቢ። ፖስተኛውን አግቢ፣ ዳቦ ጋጋሪውን አግቢ፣ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ አግቢ። የሰፈሩን ፀጉር አስተካካይ ግን አይሆንም። እኔ ራስ ላይ የሚስተካከል ነገር ከጠፋ ቆይቷልና ለቤተሰቡም አይጠቅምም።

ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ስለነበርሽ ነገሩን አታስታውሺው ይሆናል፤ ላስታውስሽ። አውራው የሚባል ብይ ነበረኝ። ሰማያዊ፣ መሀሉ ላይ ነጭ ክር የሚጠመዘዝበት፣ ጎኑን የደረጃው ጠርዝ በግማሽ ጨረቃ ቅርፅ የሸረፈው። በእጅ የተሠራ፣ ባሕር አቋርጦ የመጣ ብይ ነው። እናታችን ስትጠራኝ ደረጃው ላይ አስቀምጬው ገባሁ። ስመለስ የለም። ደጅ የነበራችሁት ያ ሰውና አንቺ ብቻ ናችሁ። አንቺ ከጉንጭ በቀር ምንም ያልነበረሽ ሕፃን ነሽ። ታዲያ ማን ወሰደው? ኪሱን ስፈትሸው ሳይቃወም ተፈተሸልኝ። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይኸው ሃምሳ ስድስት ዓመት፣ ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

ሰው «ለአንዲት ብይ?» ይለኛል። እንዲህ የሚሉኝ ሰዎች ብይ ኖሯቸው አያውቅም። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ብዮች ሰብስቤ በእንቁላል ትሪ ደርድሬአለሁ፤ እያንዳንዱ በመዝገብ ላይ ሰፍሯል። መዝገቡ የሚጀምረው ግን ከቁጥር ሁለት ነው። ቁጥር አንድ ክፍት ነው፤ ለማን እንደተተወ ታውቂያለሽ።

ጨካኝ እንዳትይኝ አንድ በር ልክፈት። ያ ሰው አውራውን ይመልስ። ከመለሰ ማዘጋጃ ቤት መጥቼ፣ ሱፌን ለብሼ፣ ከጎንሽ ተቀምጬ በምስክርነት እፈርማለሁ። ካልመለሰ ወንበሬ ባዶ ይሆናል። ሊያታልለኝም እንዳይሞክር፤ አርባ ዓመት መነጽር የሠራሁ ሰው ነኝ። በእጅ የተሠራ ብይ እምብርት አለው። ከቀለጠው የመስታወት ዘንግ ላይ በመቀስ ሲቆረጥ የሚቀርለት ሻካራ ጠባሳ ነው። የማሽኑ ግን ዙሪያውን ለስላሳ ነው፤ እናት የለውም። እምብርት የሌለው ብይ ከላከልኝ በመጣበት እመልሰዋለሁ።

ወንድምሽ


ጥር 26

ለወንድሜ ለጋሼ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ለእትዬ የጉልበት ቅባት በዚሁ ጥቅል ልኬያለሁ፤ እባክህ አንተ ራስህን እንዳትቀባው፣ ፀጉር አያበቅልም።

ደግሞ ፖስታው ላይ «ድንቡሼ» እያልክ ባትጽፍ ደስ ይለኛል። ፖስተኛው በር ላይ ቆሞ እኔን የስድሳ ሁለት ዓመቷን ሴት «ድንቡሼ የምትባል ልጅ እዚህ አለች?» ይለኛል።

የለም፣ ሰውየው አልተቆጣም። ደብዳቤህን ሱቁ ወስጄ አነበብኩለት። ወንበሩ ላይ ግማሽ ፊቱ ሳሙና የሆነ ደንበኛ ነበር፤ እሱም አብሮ ሰማ። ስጨርስ ምላጩን ጠረገና «ወንድምሽ ጤናው እንዴት ነው? ዓይኑስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሰውየው ዝም አይነቅዝም ባይ ነው። ደንበኛው ግን እስካሁን ለሰፈሩ ሁሉ እያወራ ነው።

በማግስቱ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት አለኝ። «ወስጄዋለሁ። ልጅ ነበርኩ። ይቅር በለኝ።» ብዩን በጥጥ ጠቅልዬ በልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮዬ ውስጥ አድርጌ ልኬልሃለሁ። አውራው ነው። ምስክሩ እኔ ነኝ፤ እንዴት አወቅሽ አትበለኝ። በመጨረሻ አንድ ነገር ጨመረ። «አንገቱን ምላጬ ሥር ያደረገልኝ ቀን ከልቡ እንደታረቀኝ አውቃለሁ» አለ።

ማዘጋጃ ቤቱ ለሚያዝያ 19 ቅዳሜ ጠዋት ቀጥሮናል። እናትም አባትም የሉኝም፤ ያለኸኝ ታላቅ አንተ ነህ። ያንተ ወንበር ባዶ እያለ እኔ አልፈርምም። ይህን እንደ ዛቻ አትቁጠረው፣ ልመና ነው።

እህትህ


የካቲት 8

ለእህቴ፤

እንዴት ነሽ? ፖስታውን እንደጠየቅሽኝ አስተካክዬዋለሁ፤ «ለክብርት ድንቡሼ» ብዬበታለሁ። ቅባቱን እትዬሽ ወዳዋለች። እኔ አልሞከርኩትም። ትንሽ ብቻ ነው የሞከርኩት።

ላልሽው ሁሉ መልሴ ይኸውልሽ። ጥቅሉ እንደደረሰ እጄን ታጠብኩ፣ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፍኩ፣ እትዬሽን ከክፍሉ አስወጣሁ። ውፍረት በምለካበት ካሊፐር ለካሁት፤ አሥራ ስምንት ሚሊሜትር፣ ልክ ነው። ሰማያዊነቱ ልክ ነው። ነጩ ክር አለ። የሐሰት ብር የሚለዩበትን ሐምራዊ መብራት አበራሁበት፤ ብዩ አልበራም፣ ሊበራም አይገባውም። ከዚያ አጉሊ መነጽሬን አድርጌ እምብርቱን ፈለግኩ።

የለም። በዚህ አዞርኩት፣ በዚያ አዞርኩት፤ እንደ እንቁላል ለስላሳ ነው። ድሮ በጆንያ ሲሸጥ የኖረ የማሽን ብይ ነው የላከልኝ። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ሽርፉ ነው። ግማሽ ጨረቃዋን ሳትቀር ቁጭ አድርጓታል። በምን መሣሪያ እንደሸረፈው አላውቅም፤ እጁ ግን ቀላል እጅ አይደለም። ፀጉር መቁረጡን ትቶ ይህን ቢይዝ ያልፍለት ነበር።

እንግዲህ ሰውየው ከሌብነት ወደ አስመሳይነት አድጓል። «ወስጄዋለሁ» ብሎ መናዘዙን በደስታ ተቀብያለሁ። ብዩን ግን አልቀበልም። እትዬሽ በበሩ ቀዳዳ «እሱው ራሱ ቢሆንስ?» አለችኝ። ስለ ብይ ምን ታውቃለች ብለሽ ነው። ከነቆርቆሮው መልሼልሻለሁ። ቆርቆሮውን ግን አጥቤዋለሁ።

ወንድምሽ


የካቲት 21

ለጋሼ፤

ሰላም ነህ? አላለቀስኩም። ደብዳቤህን ሳነብ እስከ ግማሹ እየሳቅኩ ነበር፤ ከግማሹ በኋላ ነው የተበላሸው።

መልስህን ለሰውየው አነበብኩለት። ለሁለት ቀን አሰበበት፤ ከዚያ «ቀላል ነው» አለ። ብዩን መልሼ ልኬዋለሁ። ምናልባት ባለፈው መብራቱ ደክሞ ይሆናል፣ ወይም ዓይንህ። ይህን ጊዜ በደንብ ፈልግ። ከሽርፉ በስተጀርባ ብትመለከት እምብርት አታጣም። እዚያው የነበረ ነው ብዬ አልምልም፤ አለ ብቻ ነው የምልህ።

ሠርጉ ሁለት ወር እንኳ አልቀረውም። የምለብሰውን ቀሚስ ቆርጬ ጨርሻለሁ፣ መሬት አይደርስም። ሰውየውን ይህን ሰሞን ብታየው ታዝንለታለህ፤ ጣቱ ቆስሎ ጢም አይላጭም፣ ፀጉር ብቻ ይቆርጣል። እንዴት ቆሰለ ብለህ አትጠይቀኝ።

እህትህ


መጋቢት 3

ለእህቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። ጣቱ እንዴት እንደቆሰለ አልጠይቅሽም፤ ራሴ ደርሼበታለሁ።

አጉሊ መነጽሬን አድርጌ እምብርት ያልሽውን አየሁት። ሻካራ ነው፣ ክብ ነው፣ ቦታውም ክፉ አይደለም። ዕድሜው ግን ከሁለት ሳምንት አይበልጥም። ስንጥቆቹ ውስጥ ግራጫ ዱቄት አለ፣ ጣቴ ላይ አድርጌ አሸሁት፤ የምላጭ መሳያ ድንጋይ ነው። አሸተትኩት፤ የጢም ሳሙና ይሸታል። ብይ እምብርቱን ይዞ ይወለዳል እንጂ በእርጅናው አይቆረጥለትም። ይህን እንኳ ፀጉር አስተካካይ ሊያውቀው ይገባ ነበር።

መጀመሪያ ሰረቀኝ። ቀጥሎ አስመሰለብኝ። አሁን ደግሞ በገዛ ሙያዬ ቀለደብኝ። እኔን የሚያሳዝነኝ አንቺን በዚህ ውስጥ ማስገባቱ ነው። «በደንብ ፈልግ» ብለሽ ስትጽፊልኝ እያወቅሽ ነበር አይደል?

አግቢው፤ ልከለክልሽ አልችልም። ሚያዝያ 19 ግን አልመጣም። ይህን እያዘንኩ ነው የምጽፈው። ብዩንም አልመልስም፤ ማስረጃ ነው።

ወንድምሽ


መጋቢት 12

ለጋሼ፤

ሰላምታውን ዛሬ መጨረሻ ላይ ላድርገው፤ አስቀድሜ ካልተናገርኩ ወኔዬ ይከዳኛል። አውራውን የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ያን ቀን ሁለታችሁ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ስትጫወቱ እኔን አላስገባ አላችሁኝ። «አንቺ ጉድጓዱን ጠብቂ» አልከኝ። ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ ጠበቅኩ። ጉድጓድ ማን ይሰርቀዋል? እናታችን ጠርታህ ስትገባ አውራው ደረጃው ላይ ፀሐይ እየመታው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ልወረውረው ብዬ አነሳሁት። የእግርህን ኮቴ ስሰማ ደንግጬ አፌ ውስጥ ከተትኩት።

ጉንጬ ውስጥ ነበር ጋሼ። አንተ ኪሱን ስታራግፍ፣ ካልሲውን ስታስወልቅ እኔ አጠገብህ ቆሜያለሁ። ጉንጬ ድሮም እንደዚያው ስለነበር ማንም አልጠረጠረኝም። «አየሽው?» ብለህ ስትጠይቀኝ አላየሁም ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ፤ ያኔ ብዩ ጥርሴን መታና ጠቅ አለ። አንተ አልሰማህም። እሱ ሰማ። ዞር ብሎ አየኝ፣ እንባዬ ሲመጣም አየ። ወዲያው ወዳንተ ዞሮ «ሌላም ኪስ አለኝ፣ ይኸን ፈትሽ» አለህ።

ልመልስልህ አስቤ ነበር። ግን አባታችን ማታ «ሌባ ከቤቴ ቢገኝ ጣቱን እሰብረዋለሁ» ሲል ሰማሁት። ከዚያ ሳምንት አለፈ፣ ዓመት አለፈ። ሰፈሩ ልጁን «ሌባው» እያለ ሲጠራው፣ እኔ ስሙን እየሰማሁ አደግሁ። አንተ ሳትሰናበተው ከሰፈራችን ስትወጣ አውቶቡሱ እስኪሄድ ድረስ ማዶ ቆሞ ሲያይህ ነበር። እኔ ደግሞ እሱን አይ ነበር። አውራው ይህን ሁሉ ዘመን በቆርቆሮዬ ውስጥ ከልብስ ቁልፎች ጋር ኖሯል።

«ወስጄዋለሁ» ያለህ እኔን ላለማሳፈር ነው። «በዚህ ዕድሜዬ ብይ ሰረቀ ቢባል የሚቀርብኝ ደንበኛ የለም» አለኝ። እኔም ፈሪ ነኝና ተስማማሁ። አንተ እምብርት የለውም ስትል «ወንድምሽ እምብርት ከፈለገ እናውጣለት» ብሎ መሳያ ድንጋዩ ላይ ሦስት ቀን ሲፈትገው ዋለ፤ ጣቱንም ፈተገው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኛ ነን።

አሁን ደግሞ አንድ መራራ ነገር ልንገርህ። አውራው እምብርት ኖሮት አያውቅም። ሃምሳ ስድስት ዓመት በጣቴ አገላብጬዋለሁ፤ ሁልጊዜም ለስላሳ ነበር። በእጅ የተሠራ ነው ያልከን አንተ ነህ፤ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመትህ ነበር፣ እኛም አመንንህ።

የፈለግከውን ፍረድ፤ ፍርዱ ግን በኔ ላይ ይሁን። እሱ እኔን ለማዳን አፉን ዘግቶ የኖረ ሰው ነው። የማገባውም ለዚህ ነው።

ሰላምታዬ ይኸው።

እህትህ


መጋቢት 30

ለጋሼ፤

እንዴት ከረምክ? «ብዩን እንደገና እያየሁ ነው» ብለህ የላክኸው አንድ መስመር ደርሶኛል። አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ አንድ ብይ ምኑ ይታያል? ተቆጥተህ እንደሆነ ተቆጥቻለሁ በለኝ። እትዬንም ብጠይቃት «መስኮቱ ጋ ነው» ብቻ አለችኝ።

ያላንተ አልፈርምም ስላልኩ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ቀጠሮውን ላስለውጥ ነበር። ጸሐፊዋ ቅጽ ሰጠችኝና ምክንያትሽን ሙይ አለችኝ። «ብይ» ብዬ ጻፍኩ። ቅጹን መለሰችልኝ። ስለዚህ ቀኑ እንዳለ ነው፤ የማደርገውን ግን አላውቅም። ሰውየው «ይመጣል» ይላል። ከምን ተነስቶ እንዲህ እንደሚል አልገባኝም፤ ሃምሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ወደሱ አልመጣህም።

ቀሚሱን ጨርሻለሁ። ወንበርህንም አስይዣለሁ።

እህትህ


ሚያዝያ 9

ለእህቴ ለድንቡሼ፤

እንደምን አለሽ? እኛ ደህና ነን። መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ፤ እጄ ሳይሆን ፊቴ ነው እምቢ ያለኝ። እፍረት ይዞኝ ነበር።

ምኑ ይታያል ላልሽው እነሆ። አውራው ውስጥ፣ ነጩ ክር አጠገብ፣ እንደ ወፍ እንቁላል የተጠጋጉ ሁለት የአየር አረፋዎች ነበሩ። የሚታዩት በጠዋት ፀሐይ፣ ግራ ዓይንን ጨፍነው ሲያዩት ብቻ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ለሱም ቢሆን። ብዩ መጀመሪያ የመጣ ቀን በካሊፐር ለካሁት፣ መብራት አበራሁበት፤ ፀሐይ ላይ ግን አላየሁትም። እምብርት የለውም ብዬ ነገሩን ዘጋሁት፤ ባለሙያ ነኛ። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ጠዋት መስኮቱ ጋ ቆምኩና ግራ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሁለቱም እዚያው ናቸው። ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ። እትዬሽ ሌላ ፍራሽ የመጣብን መስሏት ሮጣ ወጣች።

በአንቺ ልቆጣ ሞከርኩ፤ ግማሽ ቀን ያህል በርትቼ ሞከርኩ። «ጉድጓድ ማን ይሰርቀዋል?» ያልሽው ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። ልጅን ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ የሚያስጠብቅ ወንድም አንድ ብይ ቢሰረቅ ሲያንሰው ነው።

ከሱ ጋር ያለኝ ግን ሌላ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔ ንጋት በጣም ዘገየ። የሌባ ዓይነ ደረቅ ብዬ የጻፍኩልሽን ስታነቢለት ምላጩን ጠርጎ ስለ ዓይኔ ጤና ነው የጠየቀሽ። ያን ሳስብ መግቢያ አጣለሁ። ጓደኛዬ ነበር ድንቡሼ። ከሱ በኋላ እንደሱ ያለ አላገኘሁም፤ በምትኩ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ብይ ሰበሰብኩ። የይቅርታ ደብዳቤ ልጽፍለት አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀደድኩ። ስለዚህ በአካል እነግረዋለሁ፤ እሱ ዝም ሲል እኔ አወራለሁ፣ ድሮም እንዲያ ነበርን።

ከሠርጉ በፊት ባለው ሐሙስ፣ ሚያዝያ 17፣ በጠዋቱ አውቶቡስ ከእትዬሽ ጋር እንመጣለን። ሱፌን አስተኩሻለሁ፤ ካፖርቱንም እንዳለ እለብሰዋለሁ፣ እጅጌው ይርዘም። ራሴ ላይ የሚቆረጥ እንደሌለ ታውቂያለሽና ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ ጢሜን ሳልነካው አሳድጌዋለሁ። እትዬሽ «አውቶቡስ ላይ ካንተ ጋር አልቀመጥም» እያለች ነው። አርብ ጠዋት ወንበሩን ክፍት አድርጎ ይጠብቀኝ፣ ምላጩንም ይሳል። ጣቱ መዳኑን ግን አስቀድመሽ አረጋግጪልኝ፤ አንገቴ ነው።

መዝገቤ ላይ ቁጥር አንድን ዛሬ ሞላሁት። እንዳለ ገልብጬልሻለሁ።

«ቁጥር 1። አውራው። ሰማያዊ፣ ነጭ ክር፣ 18 ሚሊሜትር፣ ጎኑ የተሸረፈ። ብዩ የማሽን ሥራ ነው። እምብርቱ ግን በእጅ የተሠራ፤ ሠሪው አማቼ።»

ወንድምሽ